አንድ ትሪ ድንች

በማህበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሂሳብ ክፍሉ ስም የቀረበ ንግግር

  

ሂሳብ የምንይዘው እኛ እዚህ ስንቆም ብዙዎቻችሁ ቁጥር እንደምትጠብቁ እናውቃለን። የዓመቱን ገቢና ወጪ የኦዲት ኮሚቴው ጠዋት ስላነበበላችሁ አንደግመውም። ዛሬ የምናወራው ስለ ድንች ነው። ሳቁ፣ እኛም መጀመሪያ ስቀናል። ግን ንግግሩ ሲያልቅ ድንቹ ከቁጠባ ደብተራችን ጋር ምን እንዳገናኘው ታዩታላችሁ።

ከትንሽ ወደኋላ እንጀምር። የራስ አገዝ ቡድን የሚባለው አሠራር ለከተማችን እንግዳ አይደለም። ከህንድ ልምድ ተወስዶ በ2002 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን በኩል ሲጀመር፣ የመጀመሪያዎቹ አምስት ቡድኖች የተቋቋሙት እዚሁ ናዝሬት ነው። ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ የሚሆኑ ሴቶች በየሳምንቱ ይገናኛሉ፣ ያለቻቸውን ሳንቲም ይቆጥባሉ፣ ከዚያችው ላይ ይበዳደራሉ፣ ሰብሳቢነቱንም በየተራ ይይዛሉ። የእኛም ማህበር ሥርዓቱን የቀዳው ከእንዲህ ዓይነቶቹ ቡድኖች ነው። በዚያ ሥርዓት ውስጥ ግን ድግስ የሚባል ነገር የለም። ድግሱን የጨመርነው እኛው ነን።

ስንጀምር እንዴት እንደነበር ነባር አባላት ታስታውሳላችሁ። በወር አንድ ጊዜ በየቤታችን ስንሰበሰብ ባለተራዋ ቡና ታፈላለች፣ ፈንዲሻ ትበትናለች፣ ዳቦ ካላትም ትቆርሳለች። ከዚያ አንዷ አባላችን ልጇ ስለተመረቀላት ደስ ብሏት ዶሮ ሠራች። በላን፣ መረቅን። በሚቀጥለው ወር ባለተራዋ ከዶሮው በታች መሆን ከበዳትና ጥብስ ጨመረች። ቀጣይዋ ለስላሳ በሳጥን አስገባች። አራተኛዋ ኬክ አስጋገረች። ማንም ማንንም አላዘዘም፣ በቃለ ጉባኤም አልተጻፈም። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ግን የወር ተራ ትንሽ ሠርግ አከለ።

ሂሳብ ያዥ ሰው ድግስ በልቶ ዝም ብሎ አይሄድም፤ ቤቱ ገብቶ ይቆጥረዋል። አንድ ቀን የብድር መዝገቡን ከተራ ዝርዝሩ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠን አየን። ተራቸው ሊደርስ አንድ ወር ሲቀረው ብድር የጠየቁ ሰባት አባላት አገኘን። ማመልከቻቸው ሁሉ “ለንግድ ማስፋፊያ” ይላል። ስማቸውን አንጠራም፤ ከሰባቱ አንዷ ከእኛ ከሂሳብ ክፍሉ ሰዎች እንደነበረች ግን እንናገራለን። ሌላውን ብቻ የምንከስ እንዳይመስላችሁ።

ከሰባቱ መካከል እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች የምታስረክብ እህታችን ነበረች። ጤፍ በርከት አድርጋ ልትገዛ 6,000 ብር ወሰደች። ያ ብር ጤፍ አልሆነም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቤቷ ተሰብስበን እኛ በላነው። ጣፋጭ ነበር፣ አመስግነንም ወጣን። ከዚያ በኋላ እሷ ጤፉን በኪሎ በኪሎ በዱቤ እየገዛች ብድሩን መመለስ ጀመረች፤ በኪሎ የሚገዛ ደግሞ ሁልጊዜ በውድ ይገዛል። ሦስት ወር ከፈለች። በአራተኛው ወር መዋጮዋን በልጇ ላከች፣ በአምስተኛው ቀረች። “ሥራ በዝቶባት ነው” ተባባልን። መዝገቡ ግን ሌላ ነገር ይናገር ነበር።

ሁለተኛ ነገር አለ፤ ይኼኛው በመዝገብ አይገኝም። አዳማ የሁላችንም ከተማ ናት። በማህበራችን ኦርቶዶክስ አለን፣ ሙስሊም አለን፣ ፕሮቴስታንት አለን። አብረን እንቆጥባለን፣ አብረን እናለቅሳለን፣ ልጆቻችን አብረው ያድጋሉ። ሥጋ ሲቀርብ ግን እርዱ ሁለት ነው። አቅም ያላት ባለተራ ሁለት በግ ታሳርዳለች ወይም ለየብቻ ታስገዛለች፤ አቅም የሌላት በአንዱ ትወሰናለች። ስለዚህ ስንት ወር ሙሉ ከእህቶቻችን ጥቂቶቹ ጥግ ላይ ተቀምጠው ዳቦና ለስላሳ ይዘው ሲሳሳቁ አመሹ። “ብሉ እንጂ” እንላቸዋለን፤ “ጠግበናል” ይሉናል። መጥገባቸው እንዳልሆነ እያወቅን አለፍነው።

በ2017 ዓ.ም. መጋቢት ወር ተራው የሻሸመኔዋ ጓደኛችን ሆነ። አብዛኞቻችሁ በዚህ ስም ታውቋታላችሁ፤ ተወልዳ ያደገችው እዚያ ስለሆነ ስሟ ተረስቶ ሻሸመኔ ሆና ቀረች። በዚያ ወር ባለቤቷ ታሞ ከሥራ ውሎ ነበር። ተራዋን እንድታስተላልፍ ብንነግራት “ማስተላለፍስ ለማን? ቀጣይዋም እንደ እኔው ናት” አለች። በዚያ ላይ በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ተገጣጥመው ነበር። ከፊላችን ከሥጋና ከወተት ተዋጽኦ ጾመኛ ነን፣ ከፊላችን ቀኑን ሙሉ ውሃ አልቀመስንም። ስብሰባውን ከማፍጠሪያ ሰዓት በኋላ አደረግነው።

ቤቷ ስንገባ መሃል ላይ ሁለት ትልልቅ ትሪ ተቀምጧል። ሁለቱም ድንች ነው። እንቁላል የሚያካክሉ ደቃቅ ድንቾች በቢጫ ቁሌት ተለውሰው፣ መሃላቸው ላይ ጎድጓዳ ሳህን አረንጓዴ ዳጣ፣ ዙሪያውን የሎሚ ቁራጭ፣ ጎኑ ላይ አንድ ብርጭቆ ሙሉ ስቴኪኒ። ከኋላችን አንዷ ዝቅ ባለ ድምፅ “ድንች? ለሰው?” ስትል ሰማን። እውነቱን ለመናገር እኛም በሆዳችን ብለነዋል። የሻሸመኔዋ ሰማች መሰለን፤ “እኛ አገር እንግዳ የሚቀመጠው በድንች ነው፤ ቅመሱና ከዚያ እሙኝ” አለች።

ቀመስን። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የመጀመሪያው ትሪ ታጠበ ማለት ይቻላል። ከሁሉ በላይ ያየነው ግን ሌላ ነው። ጥግ የሚቀመጡት እህቶቻችን ትሪው አጠገብ ነበሩ። ጾመኛዋም፣ ያፈጠረችውም፣ ጾም የሌለባትም ከአንድ ትሪ እየወጉ ይበላሉ። ማንም “ይኼ የማን ነው?” ብሎ አልጠየቀም። አንዲት ሙስሊም እናታችን፣ ከማህበሩ መሥራቾች አንዷ፣ “ከእናንተ ጋር ስበላ ይኼ የመጀመሪያዬ ነው” አሉ። በቀልድ አድርገው ነው ያሉት። እኛ ግን ዓመታቱን ቆጠርናቸው፣ አፈርንም።

አሁን ስለ ድንቹ ራሱ ትንሽ እንበል፤ ብዙዎቻችን የምንንቀው ሳናውቀው ነውና። ድንች ለአገራችን ጥንታዊ ምግብ አይደለም፤ መነሻው የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ናቸው። ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ዊልሄልም ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት አጥኚ መሆኑ ይነገራል፤ ጊዜውም 1858 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ ከሞጆ ወደ ደቡብ ስንጓዝ መቂና ባቱ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም እንደሚቀበለን ሁሉ፣ አርሲ ነገሌን አልፈን ወደ ሻሸመኔ ስንቀርብ ድንቹ በኬሻ ተሞልቶ መንገድ ዳር ቆሞ ይጠብቀናል። የሻሸመኔ ዙሪያና የኮፈሌ ደጋ ለድንች የተመቸ ነው፤ የእኛ የአዳማ ሙቀት ግን አይስማማውም። ጉደኔ፣ ጃለኔ፣ በለጠ የሚባሉት ዝርያዎች በሆለታ ምርምር ማዕከል ተሠርተው የወጡ ናቸው። የተባበሩት መንግሥታትም 2008 እ.ኤ.አ.ን የድንች ዓመት ብሎ ሰይሞት ነበር። ዓለም ዓመት የሰየመለትን ምግብ ለእንግዳ ለማቅረብ የምናፍርበት ምክንያት ምን ይሆን?

አሠራሩን እንንገራችሁ። ከሻሸመኔዋ ቤት ቆመን እያየን ጻፍነው፤ ከዚያ በየቤታችን ሞከርነው፣ አበላሸነውም። ስለዚህ የምንነግራችሁ ስህተታችንን ጨምረን ነው። መጠኑ ለሃያ አምስት ሰው ነው።

ስድስት ኪሎ ደቃቅ ድንች፣ አንድ ኪሎ ተኩል ቀይ ሽንኩርት፣ ሦስት ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ አውራ ጣት የሚያክል ዝንጅብል፣ ሦስት የቡና ሲኒ ዘይት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ እርድ፣ ጨው፣ ስድስት ሎሚ። እርድ ስንል ቢጫውን ቅመም ነው፤ በዚህ ድግስ ውስጥ ያለው እርድ ይኸው አንድ ማንኪያ ብቻ ነው። ለዳጣው ግማሽ ኪሎ ቃሪያ፣ ሁለት ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ ዝንጅብል፣ አንድ እፍኝ በሶብላ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ድንብላል፣ ጨውና ጥቂት ዘይት።

ገበያ ላይ ሁላችንም ትልልቁን ድንች መርጠን ደቃቁን እንተወዋለን። ለዚህ ምግብ ግን የሚፈለገው ደቃቁ ነው፤ ዋጋውም ይቀንሳል። አረንጓዴ የሆነውን አትግዙ። ድንች ፀሐይ ሲያየው አረንጓዴ ይሆናል፣ ይመራል፣ ሆድም ያማል፤ የበቀለውና አረንጓዴው ለልጆች በፍጹም አይሰጥም። ቤት ስታስቀምጡም ሳታጥቡት፣ ጨለማና ነፋሻ ቦታ ላይ በኬሻ ይሁን። ላስቲክ ውስጥ ላብ ያወጣና ይበሰብሳል።

ድንቹን በደንብ አጥባችሁ ከነልጣጩ ቀቅሉት። እኛ ሥራ ያቀለልን መስሎን ልጠን ቀቀልነው፤ ውሃ ጠጥቶ ፈረሰ፣ ቁሌቱ ሲገባበት ደግሞ የሕፃን ምግብ መሰለ። ከነልጣጩ ሲሆን ውሃው ውስጡ አይገባም። ውሃው ጨው ጨው ይበል። የቢላዋ ጫፍ ወጋ ስታደርጉት ሳይታገል ከገባ በስሏል፤ ቶሎ አጥልሉት። ለብ እንዳለ ላጡት፤ ከቀዘቀዘ ልጣጩ ይጣበቃል፣ ትኩስ ሳለ ደግሞ እጅ ያቃጥላል። ለዚህ ሁለት ጎረቤት ጥሩ። በወሬ መካከል ያልቃል።

ሽንኩርቱን አድቅቃችሁ ከትፋችሁ በለዘበ እሳት በዘይት አቁላሉ። እንዳይጠቁር ተጠንቀቁ፤ ወርቅማ ሲሆን ይበቃል። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ቀጥሎ እርድ ጨምሩ። እርዱ ሲገባ ትንሽ ውሃ ጠብ አድርጉበት፣ ካረረ ይመራል። ከዚያ ድንቹን ጨምሩና ድስቱን በሁለት እጅ ይዛችሁ አናውጡት እንጂ በማማሰያ አታማስሉት። ማማሰያው ይሰብረዋል። ከእሳት ካወረዳችሁት በኋላ የሁለት ሎሚ ጭማቂ አፍስሱበት፤ የቀረውን ሎሚ ቆራርጣችሁ በትሪው ዙሪያ ደርድሩት።

ዳጣው በሙቀጫም በመፍጫም ይሆናል፤ ዘይቱን መጨረሻ ላይ ጨምሩ። ድንቹ ላይ አታፍስሱት፤ ለብቻው በሳህን ይቅረብ። ልጆች አሉ፣ ጨጓራ ያለባቸው እናቶች አሉ። የሚችል ያጠቅሳል፣ የማይችል ድንቹን በሎሚ ይበላል። የዳጣው ማቃጠል የሚያስቸግራቸው ቃሪያውን ፍሬውን አውጥተው ይፍጩት።

በእኛ ከተማ ሙቀት የበሰለ ድንች ውጭ ማደር የለበትም። ጠዋት ቀቅላችሁ፣ እንግዳ ሊመጣ ሲል ቁሌቱን ሥሩ። ከመላጥ እስከ ትሪ ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው።

እንግዲህ ወደ ሂሳባችን እንመለስ። ከዚያ ምሽት በኋላ የሻሸመኔዋን “ስንት አወጣሽ?” ብለን ጠየቅናት፣ አልደበቀችንም። ወጪዋ አንዲት አባል ለጥብስና ለለስላሳ ታወጣው ከነበረው አንድ አሥረኛ አይሞላም ነበር። ይህንን ይዘን ለኮሚቴው አቀረብን። ክርክር ተነሣ፤ ክርክሩም ተገቢ ነበር። አንዲት እናታችን፣ “እኔ በሕይወቴ የምኮራበት ነገር ቢኖር ሰው ቤቴ መጥቶ ጠግቦ መሄዱ ነው፤ እሱንም በደንብ ልትከለክሉኝ ነው?” አሉ። ልክ ናቸው። እኛ የኖርነው በዚያ ባህል ነው፤ እጇ የሚሰጥን ሴት ማስቆም አንፈልግም። ሌላዋ ደግሞ፣ “እማማ፣ እርስዎ ሲሰጡ ከተረፈዎት ነው፤ እኛ ስንሰጥ ከልጆቻችን ደብተር ላይ ነው” አለች። ቤቱ ጸጥ አለ።

በመጨረሻ የተስማማነው ይህ ነው። የወር ተራ ላይ የሚቀርበው ቡናና ሁላችንም ልንበላው የምንችል አንድ ምግብ ብቻ ይሆናል። የግድ ድንች አይደለም፤ ሽሮም፣ ቅንጬም፣ ክክም ይሆናል። ልጅ የተመረቀላት፣ የዳረች፣ የወለደች በራሷ ቀን እንደ አቅሟ ደግሳ ትጥራን፤ እልል ብለን እንመጣለን። የወር ተራው ግን የሁላችንም ነውና ዝቅተኛ አቅም ባላት እህታችን ልክ ይለካል። “እንደ ቤቴ እንጂ እንደ ጎረቤቴ አልኖርም” ማለት ለአንዲት ሴት ብቻዋን ከባድ ነው። ጎረቤቶቿ ሁሉ አብረው ሲሉት ግን ይቀልላል።

ከዚያ ወዲህ ያየነውን ለውጥ ሳናጋንን እንንገራችሁ። ተራዋ ሊደርስ ሲል ብድር የጠየቀች አባል እስካሁን የለችም። ከስብሰባ የሚቀሩት ቀንሰዋል። አሥር ሆነን አንድ ኩንታል ድንች ከሻሸመኔ በጓደኛችን ዘመዶች በኩል በአይሱዙ አስመጥተን አሥር አሥር ኪሎ ተካፍለናል፤ በየሳምንቱ በኪሎ ስንገዛ ከነበረው ዋጋ ሻል ብሎ አግኝተነዋል። አራት ኪሎ ያህሉ ተበላሽቶ መጣ። ያንን ለአንዲት ሴት አልተውነውም፤ ለአሥር ተካፈልነው። ምርት በሚደርስበት ወቅት በሽንኩርትም ልንሞክረው አስበናል፤ መቂ ደግሞ ከሻሸመኔም ትቀርበናለች።

የእንጀራዋን እህታችንን ነገር ሳንነግራችሁ አንወርድም። ቤቷ ሄድን። ይቅርታ ለመጠየቅ ነው የሄድነው፤ እሷ ግን እኛ ስንገባ “ብድሩን እከፍላለሁ” ብላ ጀመረች። ለብድር እንዳልመጣን ለማሳመን ረጅም ጊዜ ወሰደብን፤ ያ ራሱ ብዙ አስተማረን። ቡና አፈላችልን፣ አለቀስን፣ ሳቅን። የቀረባት ብድር በአሥራ ሁለት ወር እንዲከፈል ኮሚቴው አራዝሞላታል። ወደ ማህበሩ ግን ገና አልተመለሰችም። “እያሰብኩበት ነው” ብላናለች። እንድትመለስ እንፈልጋለን፣ መገፋፋት ግን አንፈልግም። ከእሷ ሌላ በዚሁ ምክንያት ከወጡት ሁለቱ ተመልሰዋል፤ አንዷ ዛሬ እዚህ ከእኛ ጋር ናት።

የሻሸመኔዋ ጓደኛችን ይህን ንግግር ስናዘጋጅ “እኔን አታንሱኝ፤ ያደረግኩት ያለኝን ማቅረብ ነው” ብላን ነበር። አንስተናታል፤ ይቅር ትበለን። በዚያ ምሽት ያላትን ይዛ በሯን ባትከፍት ኖሮ እኛ ዛሬም መዝገብ ስንደምር እንኖር ነበር።

በሚቀጥለው ወር ተራው የሂሳብ ክፍሉ ነው። ድንች እንሠራለን። የምንለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የምትችሉ ከስብሰባው ሁለት ሰዓት ቀደም ብላችሁ ቢላዋ ይዛችሁ ኑ፣ ስድስት ኪሎ ድንች ለብቻ አይላጥምና። የእንጀራዋንም እህታችንን ለመላጡ ጠርተናታል።